ባለ 76.5 ቴርሞስታት እና የኮሮላዬ ሙቀት፦ ከጥቅምት እስከ ገና

መኪናዋ ኮሮላ ናት። በፈረንጆች የ2004 ምርት፣ 1.6፣ ሞተሩ 3ዜድዜድ፣ ማንዋል ካምቢዮ። ማስታወሻውን የያዝኩት በ2013 ስለሆነ ዋጋዎቹን የዛሬ አድርጋችሁ እንዳታነቧቸው።

ጥቅምት 6

መስከረም መጨረሻ ላይ ከጎጃም ስመለስ፣ አባይ በረሃ ውስጥ፣ ከድልድዩ ወደ ጎሃ ጽዮን ሽቅብ ስወጣ የሙቀት ጌጁ ከግማሽ ተነሳ። ቀስ ብሎ አይደለም። መንገዱን አየት አድርጌ ስመለስ ሩብ ያህል ጨምሮ ጠበቀኝ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ኤሲውን አጠፋሁ፣ ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳልረግጥ) ተውኩት፣ ሂተሩን እስከ ጥጉ ከፈትኩ። በዚያ ወበቅ ውስጥ ሂተር ከፍቶ መቀመጥ ምን እንደሚመስል የቀመሰ ያውቀዋል። አሥር ደቂቃ ፈጅቶ ወረደ።

አዲስ አበባ ገብቼ ለመካኒኬ ስነግረው ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት መልሱን ሰጠኝ። «ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለዋ! እዚህ አገር ምን ይሠራልሃል?» ይህን ምክር ከስንት ጋራዥ እንደሰማሁት ቁጥሩን ረስቼዋለሁ። ቴርሞስታት ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተር እንዲያልፍ የሚከፍት በር ነው። ችግሩ የዚህ ሞተር ቴርሞስታት ሁለት ክዳን አለው። የላይኛው ወደ ራዲያተር ሲከፍት፣ ታችኛው ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚዞርበትን አቋራጭ ይዘጋል። አውጥተህ ከጣልከው አቋራጩ ክፍት ይቀራል፣ ከትኩሱ ውሃ የተወሰነው ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ሞተር ይገባል። ጠዋት ላይ ሞተሩ አይሞቅልህም፣ ዳገት ላይ ደግሞ ጭራሽ ሊብስበት ይችላል።

ሶማሌ ተራ ያለ ዕቃ ሻጭ ሌላ ሐሳብ አመጣ። «ትሮፒካል አለኝ፣ በ76 ተኩል ዲግሪ የሚከፍት። የፋብሪካው 82 ነው፣ ይሄ ቀድሞ ይከፍትልሃል፤ በረሃ ለሚወጣ ሰው እሱ ነው።» ለጆሮ ደስ ይላል። ቀድሞ ከከፈተ ቀድሞ ይቀዘቅዛል ብዬ እኔም አመንኩ። ከመግዛቴ በፊት ግን አሁን ያለውን ሙቀት በቁጥር ላውቀው ፈለግሁ።

ከጥቅምት 7 እስከ 16፣ መነሻ ልኬት

ኢኤልኤም 327 የሚባለውን፣ ከመኪናው ኮምፒውተር ቁጥር የሚያነብ ብሉቱዝ ማንበቢያ በ650 ብር ገዛሁ። ስልኬ ላይ ቶርክ የሚባለውን መተግበሪያ ጫንኩ። ከመሪው ሥር ሰክቼ ስከፍተው የኩላንቱን (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውሃ) ሙቀት በዲግሪ ይሰጣል። የጌጁን መርፌ ያህል ውሸታም ነገር እንደሌለ የገባኝ በመጀመሪያው ቀን ነው። ስልኩ ከ78 ተነስቶ 103 ሲደርስ መርፌዋ መሃል ላይ ተኝታ ነበር። ሆን ተብሎ ነው እንደዚያ የተሠራው፣ ሹፌሩ በየደቂቃው እንዳይደነግጥ። አባይ ላይ መርፌዋ ስትነሳ ነገሩ ቀድሞ አልፎ ነበር ማለት ነው።

በአሮጌው 82 ያገኘሁት ይህን ነው። ቀለበት መንገድ ላይ በ60 እና 70 መካከል ስነዳ 86–88። መገናኛ ትራፊክ ውስጥ ቆሜ፣ ሙቀቱ እየወጣ 96 ሲደርስ ፋኑ ይነሳል፣ 91 ላይ ይጠፋል፣ እንደገና ይወጣል። እንደ መጋዝ ጥርስ ነው ግራፉ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሁለተኛ ማርሽ፣ ኤሲ ሳይከፈት፣ 103። ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ ቅዳሜና እሁድ ዳገቱ በመኪና ስለሚሞላ ልኬቱን ሁልጊዜ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አደረግሁት።

82 የተጻፈበት ቴርሞስታት ለምን 87 ያሳያል ብዬ ትንሽ ግራ ገብቶኝ ነበር። ቴርሞስታቱ ያለው ውሃው ወደ ሞተር በሚገባበት በኩል ነው። ሴንሰሩ ደግሞ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሲወጣ ነው የሚለካው። መሃል ላይ ሞተሩ አምስት ስድስት ዲግሪ ይጨምርበታል። ልክ ነው።

ጥቅምት 17፣ ድስት

ባለ 76.5ቱን በ600 ብር ገዛሁ። ሳልገጥመው በፊት ከ82 ጋር ላወዳድረው ብዬ፣ መለዋወጫ ሆኖ የተቀመጠ ሌላ 82 ነበረኝና ሁለቱንም በሽቦ አንጠልጥዬ ድስት ውስጥ ውሃ ላይ ጣድኳቸው። ባለቤቴ «የትኛውን ድስት ነው የወሰድከው?» አለች ከሳሎን። ዝም አልኩ።

የኩሽና ቴርሞሜትር አብሬ ከተትኩ። 76.5ቱ በ77 አካባቢ ከንፈሩን ከፈት አደረገ። 82ቱ በ83 ጀመረ። እስከዚህ ጥሩ። ከዚያ ውሃው ፈላ፣ ተንፈቀፈቀ፣ 82ቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልከፈተም። በካሊፐር ስለካው ሰባት ሚሊ ገደማ ነው። በመመሪያው መሠረት በ95 ዲግሪ አሥር ሚሊ መክፈት አለበት። «በቃ ይሄ ተበላሽቷል፣ መኪናው ላይ ያለውም እንደዚሁ ይሆናል» ብዬ በደስታ ጮህኩ። ችግሩን ያገኘሁት መስሎኝ።

ቴርሞሜትሩን ሳየው 92 ላይ ቆሟል። እሳቱን ብጨምርም ንቅንቅ የለም። ለካ አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚፈላው 92 ላይ ነው! 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ሆነህ በድስት ውሃ 95 ልታደርስ አትችልም። ባቄላ ሲበስል ለምን እንደሚያስመሽ የሚያውቅ ሰው ይህን ማወቅ ነበረበት። ዘይት ብጠቀም ይደርስ ነበር፣ ግን ድስቱ ላይ ሌላ ወንጀል መጨመር አልፈለግሁም። 82ቱ ጤነኛ ነው። ዕድሜ ልኬን ጤነኛ ቴርሞስታት ሳስጥል እኖር ነበር።

ጥቅምት 19፣ ገጠማ፣ እና ሁለተኛ ገጠማ

በራሴ ነው የሠራሁት፣ ግቢ ውስጥ። ቴርሞስታቱ ከዲናሞው ጀርባ ነው። ዲናሞውን ሳላወርድ በሁለት ባለ 10 ዳዶ ብቻ እገላገላለሁ ብዬ ሞከርኩ። አንዱን ፈታሁ፣ ሁለተኛውን ስፈታ ከጣቴ አምልጣ ሞተሩ ሥር ጠፋች። አርባ ደቂቃ በባትሪ መብራት ፈለግኋት። የታችኛው ላሜራ ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ በኋላ እንደ ሰው ሆኜ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታሁ፣ የቺንጋውን መወጠሪያ በባለ 19 ቁልፍ አላላሁ፣ ዲናሞውን አወረድኩ። ሃያ ደቂቃ ነው የፈጀው። መጀመሪያ ያንን ባደርግ ኖሮ እስካሁን ሻይ እየጠጣሁ ነበር።

ራዲያተሩን ሳፈስ የወጣው ነገር ኩላንት አይባልም። የሻይ መልክ አለው፣ ዝገት የመሰለ አተላ አለበት። ከእኔ በፊት የነዳት ሰው የቧንቧ ውሃ ሲጨምርባት እንደኖረ ግልጽ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ያን ነጭ ነገር አስቡት፣ እሱ ነው ራዲያተር ውስጥ የሚቀረው። ይህን በዚያን ቀን ጽፌ ማለፌ አሁን ያናድደኛል፣ መልሱ ባልዲው ውስጥ ነበር እኮ።

አዲሱን ከተትኩ፣ አዲስ የጎማ ቀለበት አደረግሁ፣ ዘጋሁ፣ ኩላንትና ዲስቲልድ ውሃ ግማሽ በግማሽ ሞላሁ። (ዲስቲልድ ስትገዙ የባትሪ አሲድ እንዳይሰጧችሁ ጀሪካኑን አንብቡ፣ እኔን አንዴ ሊሰጡኝ ነበር።) አስነሳሁ። ሙቀቱ 80፣ 85፣ 90፣ 97፣ 101። ሂተሩ ቀዝቃዛ አየር ይነፋል። የላይኛው ቱቦ ያቃጥላል፣ የታችኛው እንደ ድንጋይ የቀዘቀዘ ነው። 104 ላይ አጠፋሁት።

አየር ነው። ቴርሞስታቱ ጠርዝ ላይ አየር የምታሳልፍ የምትንቀጠቀጥ ትንሽ ቫልቭ አለች። እሷ ወደ ላይ መሆን አለባት። እኔ ወደ ታች አድርጌ ነው የገጠምኩት። አየሩ ከክዳኑ ጀርባ ታፍኖ ቀረ፣ ሲሞቅ ቴርሞስታቱን የሚከፍተው ውስጡ ያለው ሰም የሚነካው ትኩስ ውሃ አጣና ሳይከፍት ቆየ። ቀዝቅዞ እስኪያልቅ ጠብቄ ሁሉንም እንደገና ፈታሁ። ሁለት ሊትር አዲስ ኩላንት ግቢው ጠጣው። (ኩላንት ጣፋጭ ነገር ነው፣ ውሻ ይልሰዋል፣ መርዝም ነው። ወዲያው በብዙ ውሃ አጠብኩት።) በሁለተኛው ዙር አፍንጫዋን በዳገት ላይ ሽቅብ አቁሜ፣ ሂተሩን በሙሉ ከፍቼ፣ የራዲያተሩን ክዳን ሳልዘጋ በሚኒሞ አሞቅኋት። አረፋው ሲያልቅ ዘጋሁ። ጨለማ ሆኖ ነበር።

እስከ ህዳር 8፣ ቁጥሮቹ

ቀለበት መንገድ 80–82። በስድስት ዲግሪ ወረደ። ደስ አለኝ፣ ለመካኒኬ ስክሪኑን ፎቶ አንስቼ ላክሁለት።

መገናኛ ትራፊክ፦ 91–96። አልተለወጠም። መኪናዋ ቆማ ንፋስ ከሌለ ቴርሞስታቱ በ76 ቢከፍትም በ82 ቢከፍትም ሙቀቱ እየወጣ ሄዶ የፋኑን ቁጥር ይመታል። ፋኑን የሚያስነሳው ኮምፒውተሩ ነው፣ እሱ ደግሞ ምን ቴርሞስታት እንደገጠምኩ አያውቅም።

እንጦጦ፦ 102።

ሦስት ማክሰኞ ደጋግሜ ሄድኩ። 102፣ 103፣ 102። ለአንድ ዲግሪ ነው እንግዲህ ዲናሞ ያወረድኩት።

ቁጭ ብዬ ሳስበው ነገሩ ቀላል ነው። ቴርሞስታት በር ነው። 82ቱ 95 ላይ ሙሉ ለሙሉ ይበረገዳል፣ 76.5ቱ ከዚያ ቀደም ብሎ። ሁለቱም ከተበረገዱ በኋላ ሥራቸው አልቋል። ዳገቱ መሃል ላይ ሙቀቱን የሚወስነው ራዲያተሩ የሚጥለው ሙቀት፣ የሚነፍሰው አየርና የውሃ ፓምፑ ነው። በር ብታሰፋ ከጀርባው ያለው ኮሪደር ከተዘጋ ሰው አያልፍም። ቀድሞ መክፈቱ የሰጠኝ ነገር ዳገቱን ስድስት ዲግሪ ዝቅ ብዬ መጀመሬን ብቻ ነው። እሷም ሽሮ ሜዳ ገበያውን ሳላልፍ ታልቃለች።

ህዳር 14፣ ብርድ

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ግቢው 8 ዲግሪ። እስከ 70 ድረስ የሚሞቅበት ጊዜ ከአሮጌው ጋር አንድ ነው፣ ሁለቱም እስከዚያ ዝግ ናቸው። ልዩነቱ ከእንጦጦ ቁልቁል ስወርድ ነው፤ ሙቀቱ 74 ይገባል፣ ሂተሩ ለብ ያለ ነገር ይነፋል። ልጄ ከኋላ ሆና «አባዬ፣ ማቀዝቀዣውን አጥፋው» አለችኝ። ሂተር እኮ ነው።

ነዳጅ በሙሉ ታንክ ሳሰላው በሊትር ከ11.8 ኪሎ ሜትር ወደ 11.3 ወርዷል። አንድ ታንክ ብቻ ስለሆነ አልምልበትም።

ህዳር 22፣ ክዳኑ

ራዲያተር የሚሠሩ ሰዎች ጋ ሄድኩ። አሮጌ ፓምፕ የመሰለ መለኪያ አላቸው። የራዲያተሩን ክዳን አስገብተው ገፉት። ክዳኑ ላይ 1.1 ተጽፏል፣ እንግዲህ ከውጭው አየር በላይ 1.1 ባር ገደማ ሊይዝ ይገባዋል። 0.4 ላይ ፊስስስ አለ። ላስቲኩን ገልብጦ አሳየኝ፣ ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል።

እዚህ ላይ ነው የድስቱ ነገር ትዝ ያለኝ። ክዳኑ ግፊት በያዘ ቁጥር ውሃው የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ይላል። እንጦጦ አናት ላይ ውሃ 90 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ክዳኑ 0.4 ብቻ ከያዘ ንጹህ ውሃ 102 አካባቢ ይፈላል። ያ ሻይ የመሰለ ነገር ብዙም ኩላንት አልነበረበትም። እኔ 103 ሳነብ ቴስታታው ውስጥ እየፈላ ነበር ማለት ነው። ደህና ክዳን ቢሆን ያው ውሃ እስከ 116 ይታገሣል። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ሰው በላላ ክዳን ብዙ ሊነዳ ይችላል፣ እኛ ግን ከመነሻው አሥር ዲግሪ ተቀንሶብናል።

ክዳን 280 ብር። አንድ ወር ሙሉ ቴርሞስታት ስፈታ ስገጥም።

ህዳር 27፣ ራዲያተሩ ሲወጣ

የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ተውሼ ከፋኑ መሸፈኛ ጎን ባለው ክፍተት ራዲያተሩን ለካሁት። ግራው 88፣ ቀኝ ታችኛው ጥግ 51። የቀዘቀዘው በኩል ውሃ አያልፍም። አወረድኩት።

በኤሲው ኮንደንሰርና በራዲያተሩ መሃል ያገኘሁትን ላሳያችሁ ብችል ደስ ይለኝ ነበር። እንደ ብርድ ልብስ የወፈረ አቧራ። ውስጡ የበረሮና የአንበጣ ክንፍ፣ ግማሽ ጥቁር ፌስታል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጭድ። የጤፍ ጭድ። ጎጃም መንገድ ላይ ጣሪያ ያህል ጭድ ጭኖ የሚሄድ አይሱዙ ኋላ ስንት ጊዜ ተከትያለሁ፣ ያ ሁሉ ሲበተን የት እንደሚሄድ አስቤ አላውቅም። በጣቴ ስቆነጥረው እንደ ንጣፍ ተገልጦ ወጣ፣ የራዲያተሩ ቅርጽ ታትሞበታል። ከፊት ቆመህ ስታይ ግን ኮንደንሰሩ ንጹህ ነው፣ ምንም አይታይም።

ውስጡን ደግሞ ጋኑን ከፍተው በቀጭን ብረት ጠረጉት። የላይኛው ፕላስቲክ ጋን በጥርስ የተያዘ ስለሆነ በጥንቃቄ ካልተከፈተ ይሰነጠቃል፤ የእኔም ተሰነጠቀ። «አሮጌ ነበር» አሉኝ። አልተከራከርኩም፣ ሌላ ያገለገለ ራዲያተር በ3,200 ፈልገው ሰጡኝ፣ ውሃ አስሞልቼና በንፋስ አስፈትሼ ወሰድኩት።

ታህሳስ 6 እና 13

ታህሳስ 6፣ አዲስ ክዳን፣ ሌላው ራዲያተር፣ የጸዳ ኮንደንሰር፣ 76.5 ቴርሞስታት። እንጦጦ፦ 93።

ከዚያ እልህ ያዘኝና ዲናሞውን እንደገና አውርጄ መጀመሪያ ያወጣሁትን 82 መለስኩት። አሁን እጄ ለምዶታል፣ አንድ ሰዓት ከሩብ። ቫልቯ ወደ ላይ። ታህሳስ 13፣ እንጦጦ፦ 94። ቀለበት መንገድ 86–87። ሂተሩ ያቃጥላል። መካኒኬ ግራፉን አይቶ «ታዲያ መጀመሪያውኑ ራዲያተር ነው አላልኩህም?» አለኝ። አላለኝም።

ታህሳስ 26፣ አባይ

ለገና ወደ ጎጃም። በ82ቱ። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል በሁለተኛ ማርሽ፣ እግሬን ከነዳጅ አንስቼ፣ 81። ድልድዩ አጠገብ ስልኩ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር 37 ዲግሪ አለ። ከዚያ ወደ ደጀን ሽቅብ። አስፋልቱ እየተንሸራተተ ማዕበል የመሰለባቸው ቦታዎች ላይ በ15 ነው የሚሄደው፣ ንፋስ የለም፣ ፊት ለፊቴ ከነተሳቢው የሚያቃስት መኪና አለ። 92፣ 95፣ 96፣ ፋኑ ተነሳ፣ 97፣ 97፣ 96። ደጀን ስገባ 93። መርፌዋ መሃል ላይ ናት፣ እሷማ ድሮም መሃል ነበረች።

ጥር 3 ስመለስ መስከረም ላይ የቆምኩበትን ቦታ በ98 አለፍኩት። ለሙከራ ብዬ ኤሲውን ለሁለት ደቂቃ ከፈትኩ፣ 100 ሲል ዘጋሁት። ይህን ያህል ጀግና አይደለሁም።

ወጪው ሲደመር ማንበቢያው 650፣ ቴርሞስታቱ 600፣ የጎማ ቀለበት ሁለት ጊዜ 160፣ ኩላንት ከፈሰሰው ጋር 1,350፣ ክዳን 280፣ ራዲያተር 3,200፣ የእጅ 500። ባለ 76.5ቱ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ እንደ አዲስ። ድስቱ ግርጌው ላይ የሽቦ ጭረትና አልጠፋ ያለ የላስቲክ ሽታ ቀርቶበት ስለነበር ሌላ ገዝቻለሁ፤ 450፣ እሱንም ደምሩት።